ንግሥቷን የበላችው ሴትዮ

ኦርፌሊና ካትሪሌዎ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አርባ ሰው እያያት፣ በወርቅ የተከፈፈች የመጫወቻ ካርታ አጣጥፋ በላች ይባላል። በኮንሴፕሲዮን ከተማ ይህን ያልሰማ የለም። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ስታወራው ካርታዋን አቮካዶ ቀብታ ነው ያስበላቻት። የመስመር ዘጠኙ ሾፌር ደግሞ የበላችው ሁለት ነው ብሎ ይምላል።

ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ለማወቅ ምስክር መጥራትም አያስፈልግም፤ ያን ቀን ኦርፌሊና ጥርስ አልነበራትም። የላይኛው ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርሷ ስምንት ቀን ሙሉ ጥርስ ሠሪው ጋ ተቀምጦ፣ እሷ ዳቦ እንኳ ሻይ ውስጥ እየነከረች ነበር የምትውጠው። ካርታ ደግሞ ጠንካራ ወረቀት ነው። ወሬውን የሚያዞሩት ሰዎች ይህችን ታህል እንኳ አላሰቡም።

እውነቱ ከወሬው ይብሳል። ካርታዋን አልበላቻትም፤ አራት ቦታ አጥፋ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ስር ወተፈቻት። ያቺ ካርታ ደግሞ የራሷ አልነበረችም።

ኦርፌሊና ታልካዋኖ ወደብ ላይ በነበረ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ አንድ ነበር፤ ከፊቷ የሚያልፈውን የዓሣ ቆርቆሮ ቂጡን በጥፍሯ መታ መታ እያደረገች የተበላሸውን ማውጣት። በድምፁ ነው የምትለየው። ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈውን ባለቀለም ሥዕል ቀና ብላም አታየው። ሥዕሉ ለገዢ ነው፣ እኔን የሚያገባኝ ሆዱ ነው ትል ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሠራተኛ አለቀሰ፤ እሷ ተናደደች። አልቅሳ አታውቅም፤ ሁሉም ነገር እሷ ጋ ሲደርስ ንዴት ይሆናል።

በዚያው ሰሞን ልጇ ሰሜን ማዕድን ማውጫ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርታ አልጋው ስር ጥሎ ሄደ። «ሐይቅ» የሚባለው ጨዋታ ካርታ ነው። ኦርፌሊና ካርቶኑን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወደ ቀንድ አውጣው ወጣች። ቀንድ አውጣው መሃል ከተማ ያለው አሮጌ የገበያ ሕንፃ ነው፤ ደረጃ የለውም፤ እየተጠማዘዘ የሚወጣ አቀበት ብቻ ነው፣ ዳርና ዳሩ ሱቅ። ጫፉ ላይ፣ ዊግ ከምትሰፋው ሴትና ከሰዓት ጠጋኙ መሃል የሊሳንድሮ ኦኛቴ የካርታ ሱቅ አለ። ሊሳንድሮ ካርቶኑን ከፍቶ ይቺ ጥሩ፣ ይቺ ቆሻሻ፣ ይቺ ቆሻሻ እያለ መለየት ጀመረ። ኦርፌሊና ለምን አለችው። ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ስንት እንጂ ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መልስ አጣ። እሷ መልሱን ልትፈልግ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ስድስት ዓመት ሙሉም አልተነሳችም።

ጨዋታው ራሱ ከባድ አይደለም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ሃያ እስትንፋስ ይሰጠዋል፤ እስትንፋሱ ያለቀበት ሰጠመ ይባላል። በየተራው የውሃ ጠብታ ታጠራቅማለህ፤ በጠብታህ ጀልባም ሰውም ታወርዳለህ፤ ጀልባህ ሄዶ የሌላውን እስትንፋስ ይቀንሳል። መከራው በየሦስት ወሩ ዘጠና አዲስ ካርታ መውጣቱ ነው። ከዘጠናው ሰባ አምስቱ የማይረባ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ፊቱ ላይ አልተጻፈም። እንዲያውም የማይረባው ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያብረቀርቀው።

ኦርፌሊና ካርታውን እንደ ቆርቆሮው ነው የምትመታው። መጀመሪያ ስንት ጠብታ ትበላለህ ትለዋለች። ቀጥላ ጓደኞቹን ሁሉ ትወስድበታለች፤ ብቻህን ብትመጣስ ምን ታደርግልኛለህ? ከዚያ የምትወደው ጥያቄ ይመጣል፤ ልሰጥም ሦስት እስትንፋስ ሲቀረኝ፣ እጄ ባዶ ሲሆን፣ ያኔ ብትመጣ ታወጣኛለህ ወይስ ቆመህ ታየኛለህ? እያሸነፈች ሳለች መጥቶ የሚያግዛትን ካርታ እንደ ዘመድ አትቆጥረውም። ሰርግ ላይ ማን የማይመጣ አለ ትላለች፤ እኔ የምፈልገው ቤቴ ሲያፈስ ባልዲ ይዞ የሚመጣውን ነው።

አዲስ ካርታ በወጣ ቁጥር ዘጠናውንም ሰልፍ አስይዛ ትመረምርና በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ውጤት ትሰጣለች። ውጤቱ እንደ ትምህርት ቤቱ ከአንድ እስከ ሰባት ነው፤ ከአራት በታች የወደቀው በቀይ እስክርቢቶ ይጻፋል። አጠገቡ ምክንያቱ አለ፣ አብዛኛው ስድብ ነው። «ይህን የሳለው ሰው እናቱን ይወዳል፣ ይህን የፈለሰፈው ግን እናትም ያለው አይመስለኝም» ብላ የጻፈችበት ካርታ አለ። ወረቀቱ በሱቁ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ የሰፈሩ ተጫዋች ሁሉ እሱን አይቶ ነው የሚጫወትበትን የካርታ ጥቅል የሚያሰናዳው። ወጣቶቹ አክስቴ ይሏታል። አክስቴ ስንት ሰጠች? አምስት? በቃ፣ አምስት ነው። ምክንያቱን የሚያነብ ግን አልነበረም። ይህ ነበር በድብቅ የሚያንገበግባት።

ወሬው በተነሳበት ወር ከወጡት ዘጠና ካርታዎች ሁለቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛዋ «የሰርጡ ንግሥት» ናት። ዳር እስከ ዳር ወርቅ፣ ፀጉሯ ማዕበል የሆነ ቆንጆ፤ ሰባት ጠብታ ትበላለች፣ ስትመጣ ያሉህን ጀልባዎች ሁሉ ታጠነክራለች። ኦርፌሊና ሁለት ሰጠቻት፣ በቀይ። «ጀልባ ላለው ጀልባ ትሰጣለች። ለሌለው ፀጉሯን ታሳየዋለች።» ሁለተኛው «እንቅልፋሙ ቀዛፊ» ነው። አንድ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ መቅዘፊያው ላይ ተኝቷል፤ ሥዕሉን አይተህ ታዛጋለህ። በሁለት ጠብታ ይመጣል፣ ከጠላት አንድ ጀልባ ወደ ባለቤቱ እጅ ይመልሳል፣ አንተን ደግሞ አንድ ካርታ ያስመዝዝሃል። ሰባት ሰጠችው። በስድስት ዓመት ሰባት ያገኘ ካርታ ከእሱ በፊት አንድ ብቻ ነበር።

ወረቀቱን አርብ ዕለት ለሊሳንድሮ ሰጠችው። ሊሳንድሮ በዚህኛው ጊዜ የእጅ ጽሕፈትዎን ወጣቶቹ ማንበብ ይቸግራቸዋል፣ ስድቡን ትቼ ውጤቱን ብቻ በኮምፒውተር አሳምሬ ላትመው አላት። ቅር አላት። ግን ጥርስ ሠሪው ጋ ቀጠሮ ነበራት፣ ቸኩላለች፤ እሺ ብላ ወረደች። ጥርስ ሠሪውም ጥርሷን ተቀብሎ ነገ ነይ አላት፤ በማግስቱም ነገ፣ በሦስተኛውም ቀን ነገ። ያለ ጥርስ ሰው ፊት መውጣት ለእሷ ራቁት እንደመውጣት ነው። በር ዘግታ ስምንት ቀን ተቀመጠች።

በስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ከበሩ ውጭ የጋዝ ሲሊንደር ሲንኳኳ ሰማች። ጋዝ አዳዩ አንሴልሞ ሪፎ ነበር፤ ሲሊንደሩን በብረት እየቀጠቀጠ መምጣቱን ለሰፈሩ ያውጃል። ሰውየው ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሐይቅ ከጀመረ አራት ዓመቱ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ዙር አልፎ አያውቅም። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ በሊሳንድሮ ሱቅ ውድድር አለ፤ ስምንት ሰው አልፎ ለትልቁ ውድድር ሳንቲያጎ ይሄዳል። አንሴልሞ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳንቲያጎ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ከወጣቶቹ ጋር መቀመጥ ይፈልጋል። ሌላ ምኞት ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም።

ኦርፌሊና አፏን በሻርፕ ሸፍና ከፈተችለት። አንሴልሞ ሲሊንደሩን እንኳ ሳያወርድ ከደረት ኪሱ ፕላስቲክ የለበሰች ንግሥት አወጣ።

«ጎረቤቴ፣ እጅሽ ይባረክ» አላት። «የሰጠሻትን ስድስት እንዳየሁ ሳልውል ሳላድር ነው የለወጥኳት። አራት እንቅልፋም ሰጥቼ።»

ኦርፌሊና ማን ስድስት እንደሰጣት ጠየቀችው። አንቺ ነሻ አላት። እንቅልፋሙስ ስንት ነው? ሦስት፣ አለ አንሴልሞ፣ በቀይ። ኦርፌሊና ንግሥቷ ላይ አፈጠጠች። አንሴልሞ ሲያወራ፣ ያኔ ነው ሲሊንደሩን ቀስ ብዬ መሬት ላይ ያስቀመጥኩት ይላል፤ የሚፈነዳው የትኛው እንደሆነ አላወቅኩማ።

ዝናቡ እንደ ሁልጊዜው በጎን ነበር የሚመታው። ጃንጥላም አልያዘች። አንሴልሞን ከኋላ አስከትላ ቀንድ አውጣውን ዞራ ዞራ ወጣች፤ በእያንዳንዱ ዙር ያለውን ሱቅ እንደ ጠላት እያየች። መስታወቱ ላይ ወረቀቱ አለ፤ በሚያምር ፊደል የታተመ፣ ከላይ ስሟ በትልቁ። ንግሥት፣ ስድስት። እንቅልፋሙ ቀዛፊ፣ ሦስት። ሌላው ሰማንያ ስምንቱ ልክ እንዳለችው ነበር። ይኸ ነው ይበልጥ ያነደዳት። ሁሉንም አበላሽቶት ቢሆን ሰነፍ ነው ብላ ታልፈው ነበር።

ሱቁ በሰው ጢም ብሏል። አርባ ሰው እርጥብ ካፖርት ለብሶ ጥቅሉን እያስተካከለ ነበር። የነርስነት ተማሪዋ ያኒራ፣ የውድድሩ ዳኛ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች የካርታ ዝርዝር ትሰበስባለች፤ እኩለ ቀን ካለፈ አንድም ካርታ መለወጥ አይቻልም። በግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነበር የቀረው።

«ዶን ሊሳንድሮ» አለች ኦርፌሊና በሻርፗ ውስጥ፣ እንደ ወትሮው አክብራ፣ «ይህን ወረቀት ማን ነው የጻፈው?»

ሊሳንድሮ እርስዎ ነዎት እንጂ ወይዘሮ ኦርፌሊና አላት፣ እንደ ሐኪም ዝቅ ባለ ድምፅ። እሷ ንግሥቷን ሁለት፣ እንቅልፋሙን ሰባት ነው ያልኩት አለች። እሱ ጭንቅላቱን በሐዘኔታ ወዘወዘ። ታመው ሰንብተዋል፣ ተቀምጠው ትኩስ ነገር ይጠጡ አላት። የእጅ ጽሕፈቱ የት አለ ስትለው ጥዬዋለሁ አለ። ከኋላ አንዱ ወጣት ለጓደኛው አክስቴ አርጅታለች ሲል ሰማችው። ሌላው ቁጥሯን ረስታ ነው አለ። ማንም በክፋት አልተናገረም፤ እያዘኑላት ነበር። ኦርፌሊና በዕድሜዋ ተሰድባ ታውቃለች፣ ታዝኖላት ግን አያውቅም። ሻርፗን አወለቀችው። ጥርስ በሌለው አፏ አርባውንም ሰው አየች።

«አንሴልሞ፣ ተቀመጥ» አለች። «ንግሥትህን ያዝ።»

መሃል ካለው ጠረጴዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጠረጴዛው በነካችው ቁጥር ይወዛወዛል። የራሱን የአንሴልሞን ጥቅል ገልብጣ ሁለት ጀልባ በራሷ በኩል አወረደች። አንተ ሦስት እስትንፋስ ቀርቶሃል አለችው፤ ጀልባ የለህም፣ ሰምጠዋል። ጠብታ የፈለግከውን ያህል አለህ፣ ሰባቱንም ሰጥቼሃለሁ። እጅህ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ጣላት።

አንሴልሞ ጣላት።

«ምን ሆነ?»

«መጣች» አለ አንሴልሞ።

«ከዚያስ?»

አንሴልሞ ካርታዋ ላይ የተጻፈውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። «ጀልባ የለኝማ» አለ በመጨረሻ። «ቆመች።»

«ቆመች» አለች ኦርፌሊና፣ ሁለቱን ጀልባዎቿን ገፋ አድርጋ። «ሰጠምክ። እሷም ፀጉሯን እያበጠረች ታይሃለች።»

ሰዉ ከብቧቸዋል። ኦርፌሊና አሁን ያንኑ ጨዋታ በእንቅልፋሙ እናየዋለን አለች፤ ሦስት እስትንፋስ፣ ባዶ እጅ፣ ሁሉም እንዳለ ሆኖ። እጇን ዘረጋች። አንድ እንቅልፋም ስጡኝ።

ሁሉም ቦርሳውን ዳበሰ፣ ማንም አላወጣም። አንድ ባለ ቀይ ኮፍያ ወጣት ነበረኝ፣ ለወጥኩት አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ እኔም አለች። ሦስተኛው ማክሰኞ ዕለት ነው የሰጠሁት አለ። ለማን? ኦርፌሊና አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። መልሱ አንድ ሰው ነበር። ለእያንዳንዳቸው፣ በቀይ የወደቀ ካርታ ምን ያደርግልሃል፣ አራቱን አምጣና ስድስት ያላትን ንግሥት ልስጥህ ብሏቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም ለብቻቸው ደግነት የተደረገላቸው መስሏቸው ደብቀውታል። አርባ ጭንቅላት አንድ ላይ ወደ ሊሳንድሮ መሳቢያ ዞረ።

«መሳቢያውን ክፈት» አለች ኦርፌሊና። ዶን የለም፣ እርስዎ የለም። በስድስት ዓመት አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሊሳንድሮ የፊደል ስህተት ሊሆን ይችላል አለ። ስህተት ከሆነ ለምን ሁለቱም ስህተት ወደ አንተ መሳቢያ አዘነበለ አለችው። ልውውጥ በፈቃድ ነው፣ ማንንም አላስገደድኩም አለ። በዚህስ ልክ ነበር፤ ማንንም አላስገደደም፣ በእሷ ስም አታለላቸው እንጂ። ኦርፌሊና ልትነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ጠረጴዛው ደግሞ በዚያች ሰዓት ተወዛወዘ። እጇ ሳታዘው ንግሥቷን ከፕላስቲኳ መዘዘች፣ አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች፣ ጎንበስ ብላ እግሩ ስር ወተፈቻት። ጠረጴዛውን ገፋችው። አልተነቃነቀም።

«ይኸው ሥራ አገኘች» አለች። «ለጠረጴዛ እግር አራት እሰጣታለሁ። አልፋለች።»

ሳቁ ቀንድ አውጣውን ሞላው። ዊግ ሰፊዋ ሳትቀር መርፌ ይዛ መጣች። አንሴልሞ ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኑ የጠረጴዛው እግር ስር ባለችው ንግሥቱ ላይ ነበር።

ያኔ ያኒራ ተነሳች። እሷ ቁጡ አይደለችም፤ እስክርቢቶዋን ከደነችና የሰበሰበችውን ዝርዝር ሁሉ ለየባለቤቱ መለሰች። ልውውጡ ካልፈረሰ ውድድሩን አልከፍትም አለች፤ ሳንቲያጎም ደውዬ ምክንያቱን እናገራለሁ። ሊሳንድሮ አያት። መስታወቱን፣ ሰዓቱን፣ የከበበውን እርጥብ ካፖርት አየ። መሳቢያውን ከፈተው። እንቅልፋሞቹ በላስቲክ ታስረው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ጡብ ተደርድረው ነበር። ንግሥት እየተቀበለ አራት አራት እየመለሰ ሄደ። ተራው አንሴልሞ ጋ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ንግሥቴስ አለው።

አንሴልሞ ወደ ጠረጴዛው እግር ጠቆመ።

«የታጠፈ አልቀበልም» አለ ሊሳንድሮ። በዚያ ረፋድ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ያኒራ ሕጉን ታውቀዋለች፤ የተበላሸ ካርታ መመለስ የለበትም። እስክርቢቶዋን ከፍታ ዘጋች። አንሴልሞ ተይው ጎረቤቴ፣ ጠረጴዛው ቆሟል እኮ አለ፤ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፣ አልወጣለትም። እኩለ ቀን ሊሞላ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

ኦርፌሊና አሁን የተናደደችው በሊሳንድሮ አልነበረም፤ እጇን ነበር የምታየው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ መትቶ ያላበላሸ እጅ የጎረቤቷን ካርታ አራት ቦታ አጥፏል። ቦርሳዋን ከፈተች። ከመታወቂያዋ ጀርባ አንዲት ካርታ አወጣች፤ «ጥቁር ፋኖስ»፣ ከልጇ የጫማ ካርቶን የወጣች፣ በመጀመሪያው ዓመት ሰባት የሰጠቻት። ሊሳንድሮ በየገናው ይሽጡልኝ እያለ ስድስት ዓመት የለመናት እሷን ነው። ያችን ካርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በምትኳ የአንሴልሞን አራት እንቅልፋሞች መልስ አለች።

ሊሳንድሮ ወዲያው አልነካትም። በብርሃን ገልበጥ አድርጎ አያት። ሥዕሏን አላየም። ጥግ ላይ ያለውን የጠብታ ቁጥር በአውራ ጣቱ ነካ፣ ከዚያ ጽሑፉን አነበበ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አሰበ፤ ሦስት እስትንፋስ የቀረው፣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው እንደሚያስበው። ልክ እሷ እንደምታደርገው። ከዚያ አራቱን እንቅልፋሞች ቆጥሮ ለአንሴልሞ ሰጠና ፋኖሷን ደረት ኪሱ ከተተ።

አንሴልሞ ዝርዝሩን ለያኒራ አስረከበ። ሰዉም ወደ ወንበሩ መመለስ ጀመረ፤ ነገሩ አልቋል፣ ካርታው ተመልሷል። ባለ ቀይ ኮፍያው ግን አንድ ሌላ አዲስ ካርታ ይዞ ወደ ኦርፌሊና ቀረበ። አክስቴ፣ ይቺስ ስንት ናት አላት፣ ቁጥሯን ብቻ ንገሪኝ፣ ሰዓት የለኝም። ከኋላው ሦስት ሌሎች ካርታቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር።

ኦርፌሊና ካርታውን አልተቀበለችውም። ሻርፗን አፏ ላይ መለሰች፣ መስታወቱ ላይ ያለውን ወረቀት ከነስሟ ላጠችው፣ በሩ ላይም ቆም አለች።

«ስድስት ዓመት እዚህ ቁጭ ብዬ አስተማርኩ» አለች። «ካርታ ማንበብ የተማረ አንድ ተማሪ ነው የወጣልኝ። እሱም ሌባ ሆነ።»

ባለ ቀይ ኮፍያው ካርታውን እንደያዘ ቀረ፤ ሊሳንድሮ መሳቢያውን ዘጋ።